ልብ በል የሚል ስልክ

በቋንቋችን ልብ የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛው በደረት ውስጥ ሳያርፍ የሚመታው፥ ደምን ወደ ሰውነት ሁሉ የሚገፋው ሥጋዊ ብልት ነው። ሁለተኛው ማሰብ፥ ማስተዋልና አለመርሳት ነው። አባት ልጁን ሲመክር «ልብ አድርግ» ይለዋል፤ ሐኪምም ሕመምተኛውን «ልብህ ታሟል» ይለዋል፤ ነገሩ ሁለት ሲሆን ቃሉ አንድ ነው። በባላገር ደግሞ ሰው «ልቤን አመመኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የጨጓራውን አፍ ማለቱ ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ «ጣትህን አሳርፈህ አሳየኝ» ሳይል የሰማውን ቃል አያምንም።

እነሆም በዘመናችን፥ ልቡ የታመመውን ሰው በቀኑና በሰዓቱ «ልብ በል» እያለ የሚያስታውስ መሣሪያ ተገኝቷል። ይኸውም በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን፥ በልማድ አፕ፥ በአማርኛ መተግበሪያ የሚባለው ነው። የመድኃኒቱ ሰዓት ሲደርስ ይጮኻል፤ የደም ግፊቱን ልክ፥ የሰውነቱን ክብደት፥ የእግሩን ማበጥ ይጠይቅና ይመዘግባል፤ አንዳንዱም የተመዘገበውን ለሐኪሙ ያደርሳል። ልቡ ደክሞ ውኃ የሚቋጥር ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ቢጨምር፥ ያ የተጠራቀመ ውኃ እንጂ ውፍረት አይደለምና፥ መሣሪያው «ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ሂድ» ይለዋል። ቡናውን በጨው የሚጠጣ ሽማግሌ ስለ ጨው በየዕለቱ ቢመከርበትም ይጠቅመዋል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ነገር ግን ዛሬ በአንባቢው ፊት ላቀርብ የምሻው ጥያቄ ሌላ ነው። መሣሪያው ከማስታወስ ጋር መመዝገብም ያውቃልና፥ ሕመምተኛው ቀኑን ባሳለፈ ጊዜ «አልመጣም» ብሎ ይጽፍበታል። እንግዲህ ያ ጽሕፈት በማን ላይ የተጻፈ ክስ ነው? ታማሚው ራሱን ይጠብቅ ዘንድ ማስታወሻ ከሰጠነው በኋላ፥ የቀረው ሁሉ የእርሱ ዕዳ ነው ብለን እጃችንን ልንታጠብ ይገባናልን?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ደዌና አንድ አገር ይዘን እንመርምረው። ደዌው በአገራችን የሕፃናትንና የወጣቶችን ልብ ከሚጎዱት ዋነኛው ነው፤ መነሻውም ጉሮሮ ነው። ልጅ ጉሮሮውን ያመዋል፥ ያተኩሰዋል፤ ወላጆቹ ቶንሲል ነው ብለው ያልፉታል፥ ወይም እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይወስዱታል። ትኩሳቱ በጥቂት ቀን ይተወዋል። ሆኖም ሕመሙን ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ተሕዋስ እንደ ሆነና በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፥ በአንዳንዱ ልጅ ሰውነቱ ተሕዋሱን ሊወጋ የመዘዘውን ጦር መልሶ በራሱ ልብ ላይ ያነሣዋል። የልብ በሮች ይቈስላሉ፤ ጠባሳቸውም አንዱን አጥብቦ፥ ሌላውን እንዳይገጥም አድርጎ ይተወዋል። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥታት ሁሉ ይህን ደዌ ይከላከሉ ዘንድ ውሳኔ አሳልፎበታል።

በሩ ከተበላሸ በኋላ መጠገኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ለዚህም ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበር በብዙ ድካም ያሠራው የልብ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፍቷል፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም በዚያ ተራ ሲጠብቁ ኖረዋል። ከቡሬ ወደዚያ ለመድረስ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ለባላገር ልጅ ትልቁ ተስፋ በሩ ከዚህ የበለጠ እንዳይበላሽ ጉሮሮውን መጠበቅ ነው። መጠበቂያውም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ ነው፤ በየ28 ቀኑ፥ ለአንዳንዱም በየ21 ቀኑ ይወጋል፤ ቢያንስ 10 ዓመት፥ ለብዙዎች ከዚያም አብልጦ ይቀጥላል። መርፌው ውድ አይደለም፤ ነገር ግን እጅግ ያማል፤ ደግሞም ያልታመመች የምትመስለውን ልጅ ነው የሚያሳምማት።

አሁን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው ጎዳና ወረድ ብሎ፥ በበቆሎና በበርበሬ ማሳ መካከል የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። የ12 ዓመት ሴት ልጅዋ ልብ ታሟል። ሐኪሙ «በየወሩ እያመጣሽ አስወጊያት» አላት። እናቲቱም በየወሩ የሚለውን ቃል እንደ ሰማችው ተቀበለችው። የወሩን በዓላት እንደ እጅዋ ጣቶች ታውቃቸዋለችና፥ ቀኑ ወር በገባ በ12፥ በሚካኤል እንዲሆን ወሰነች። ምርጫዋ የሞኝ አይደለም። ጽዋ ማኅበርዋ በሚካኤል ነውና አትረሳውም፤ ሞፈርና ቀንበር የማይነካበት ቀን ስለ ሆነም ባልዋ ልጅቱን በበቅሎ አድርጎ እስከ ጤና ጣቢያው ሊሸኝ ይችላል። እንዲህ አድርጋ ዓመቱን ሁሉ አንዲት ሚካኤል እንኳ አላጓደለችም።

ነገር ግን እንቍጠር። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ የመርፌው ወር 28 ቀን ነው። ከሚካኤል እስከ ሚካኤል በየጊዜው ሁለት ቀን ይተርፋል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ሲሆን ደግሞ ጳጉሜን በመካከል ትገባለችና 35 ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻም 36 ቀን ይሆናል። የመድኃኒቱ ኃይል በደም ውስጥ የሚሳሳው በእነዚያ በኋለኞቹ ቀናት ነው። ዓመቱ ሲደመር እናቲቱ 12 ጊዜ አስወግታለች፤ ሊሆን የሚገባው ግን 13 ነበር። አንዷን መርፌ የዘመን አቈጣጠራችን ዋጣት።

በዚህች ቤት ያ መተግበሪያ ቢገባ ምን ይሆናል? በ28ኛው ቀን ይጮኻል። ዕለቱ ምናልባት የአረም ቀን ነው፤ እናቲቱም «ሚካኤል ከነገ ወዲያ አይደለምን?» ብላ ታልፈዋለች። በሚካኤል ትሄዳለች። መዝገቡም «ዘገየች» ይላል። በሚቀጥለው ወር እንዲሁ፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ዓመቱ ሲያልቅ በከተማ የተቀመጠ ሹም መዝገቡን ቢገልጥ፥ 12 ጊዜ መጥታ 12 ጊዜ የዘገየች ቸልተኛ ሴት ያያል። መሣሪያው አልዋሸም፤ የቈጠረውን ጻፈ። ሆኖም በዚያ አገር ከእርስዋ ይልቅ ቀን አክባሪ እናት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቍጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ይህ ምሳሌ ያሳየናል፤ በፍርድ ሸንጎ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ሁለቱንም ቍጥር የሚያውቅ ሰው ይበቃል። በአገሩ ተወልዳ ያደገች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደ ቤቱ ጎራ ብላ ቡና እየጠጣች «እማማ፥ ሚካኤል ለጽዋው ይሁንልዎ፤ ለመርፌው ግን ገበያ ይቍጠሩ። አራተኛው ገበያ በደረሰ ቍጥር በርበሬውን ሸጠው ሲመለሱ ልጅቱን ይዘው ይምጡ» ትላታለች። ገበያ በሰባት ቀን ስለሚውል፥ አራት ገበያ በትክክል 28 ቀን ነው፤ ጳጉሜንም አያናጋውም። እናቲቱ ለዚህ ስልክ አያስፈልጋትም፤ ገበያን የሚረሳ ገበሬ የለምና። መተግበሪያውን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ኖሮ «በ28ኛው ቀን» ከማለት «በአራተኛው ገበያ» ብለው ባስጻፉት ነበር፤ ይህም ምንም ወጪ የለውም፤ ጠይቆ መረዳትን ብቻ ይሻል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስል መሣሪያውን የማንቋሽሽ እንዳይመስልህ። በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ 710 የልብ ሕሙማን ተመርጠው፥ ለግማሾቹ በሳምንት አራት ጊዜ አጭር የምክር መልእክት በስልካቸው ተላከላቸው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ ሲወጣ፥ መልእክት የተላከላቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ የደም ግፊታቸውና የደማቸው ስብ ካልተላከላቸው ይልቅ ዝቅ ብሎ፥ ከእነርሱም ትንባሆ የሚያጨሱት አንሰው ተገኝተዋል። ይህን ያህል ፍሬ ከጥቂት ቃል መገኘቱ ያስደንቃል። ግን የሲድኒ ሰው መልእክቱን አንብቦ ሲነሣ መድኃኒት ቤቱ ጎዳናውን ተሻግሮ ነው።

በደቡብ ሕንድ በአንድራ ፕራዴሽ ገጠር የሆነውን ደግሞ እንመልከት፤ ያ አገር ለጎጃም ይቀርባልና። በ18 ጤና ጣቢያዎች ዙሪያ የመንደር ጤና ሠራተኞች ታብሌት ተሰጥቷቸው፥ ልባቸው የሚያሰጋውን ሰዎች እየለዩ ወደ ሐኪም ይልኩ ነበር። ሠራተኞቹ ሥራቸውን በትጋት ሠሩ፤ የተላከውም ሕዝብ በብዛት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ በታተመ ጊዜ ግን የሕዝቡ የደም ግፊት ከቀድሞው ይህን ያህል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። እኔ ከዚህ የምረዳው፥ መሣሪያ ሰውን እስከ ሐኪም ደጅ ሊያደርስ እንደሚችል፥ ከደጁ ወደ ውስጥ ያለውን ሥራ ግን ሊሠራ እንደማይችል ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየዘመኑ ከዓለም ገበያ የሚጠፋ መድኃኒት ነው። እናቲቱ በአራተኛው ገበያ ልጅዋን ይዛ ደርሳ «አልቋል፥ በሌላ ቀን ነይ» ብትባል፥ ስልኩ በማግስቱ «ቀንሽ አልፏል» ብሎ ሲጮኽባት ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ይሆንባታል።

አሁን አንድ ብርቱ ሰው እንዲህ ብሎ ሊቃወመኝ ይችላል፤ «የራስን ጤና መጠበቅ የራስ ግዴታ አይደለምን? ለገበሬው የሚዘራበትን ቀን ማን ያስታውሰዋል? በሬውን ውኃ የሚያጠጣው በማን ደወል ነው? ሰው ለበሬው የሚያስበውን ለልጁ ልብ ካላሰበ፥ ጥፋቱ የእርሱ ነው።» ይህ ንግግር ግማሹ እውነት ነው፤ እኔም ሕመምተኛን እንደ ሕፃን አድርገው የሚቈጥሩትን ሰዎች አልወድም። የታመመ ሰው ስለ ልቡ የተጻፈውን ቍጥር ሁሉ ሊያውቅ ይገባዋል፤ የደም ግፊቱ 140 በ90 መድረሱ በማኅደር ውስጥ ተሸሽጎ የሚቀመጥ የሹም ምስጢር አይደለም፤ ንብረቱ ነው። መተግበሪያው ይህን ዕውቀት ከሐኪሙ ጠረጴዛ አንሥቶ በገበሬው እጅ ማስቀመጡ ትልቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን የበሬው ምሳሌ ተቃዋሚዬን አይረዳውም። ገበሬው የሚዘራበትን ቀን ብቻውን አስታውሶት አያውቅም። ዝናቡ ሲመታ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይወጣል፤ የዘገየውን ያዩታል፤ ቢታመም ደቦ ይወጡለታል፥ ወንፈል ይገቡለታል። በሬው ሲጠማ ይጮኻል። የገበሬው ትዝታ በራሱ ውስጥ ብቻ ያለ አይደለም፤ በሰማዩ፥ በጎረቤቱና በከብቱ ላይ ተበትኖ የተቀመጠ ነው። የመርፌው ቀን ግን ብቸኛ ቀን ነው። በዚያ ቀን መርፌ የሚወጋ ሌላ ጎረቤት የለም፤ ልጅቱም አልታመመችም፥ ትሮጣለች፥ ጥጃ ትጠብቃለች፤ ምልክት የለም። ሰውን ከልማዱ ሁሉ የተለየ ነገር ብቻውን እንዲያስታውስ አዘን፥ በረሳ ጊዜ «በሬህን እንዴት አልረሳህም?» ብንለው ፍርደ ገምድልነት ነው።

በማኅበር ደግሞ የቀረ ሰው እንዴት እንደሚታይ ልብ እንበል። ጽዋ በሚዞርበት ቤት አንዲት ሴት ብትቀር «ቀርታለች» ተብሎ ይታወቃል፤ እስከዚህ ድረስ ማኅበሩና መተግበሪያው አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ። ማኅበርተኛዋ ነጠላዋን አጣፍታ «ምን ሆና ይሆን?» ብላ ትወጣለች፤ የቀረችበት ምክንያት ወንዝ መሙላት ከሆነ በማግስቱ የሚያሻግራት ሰው ይላክላታል፤ ልጅዋ ሞታባት ከሆነ ለቅሶ ይቀመጡላታል። በቋንቋችን «አልጠየቀኝም» ብሎ ሰው ወዳጁን ሲወቅስ «አልመጣልኝም» ማለቱ ነው፤ መጠየቅና መሄድ በእኛ ዘንድ አንድ ግብር ናቸው። መተግበሪያው ይጠይቃል፥ አይሄድም። ይህም ጥፋቱ አይደለም፤ እግር አልተሠራለትም። ጥፋት የሚሆነው እኛ ስልኩ ጠይቋል ብለን ከቤታችን የቀረን እንደ ሆነ ነው።

አገራችን ለዚህ እግር ሳታበጅ አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ጤና ኬላ አሠርቶ፥ ሁለት ሁለት ሴቶችን በደመወዝ መድቦ፥ ቤት ለቤት እንዲዞሩ አድርጓል። የቤተሰብ ማኅደር የሚባለውን የወረቀት መዝገባቸውንም ጤና ሚኒስቴር ወደ ታብሌት ሲያዛውረው ቆይቷል፤ ይህም ታብሌት መሥመር በሌለበት መዝግቦ ይዞ፥ መሥመር ሲገኝ የሚያስተላልፍ ነው። ስለዚህ የልብ ሕሙማን መተግበሪያ ለጎጃም ቢታሰብ፥ በሕመምተኛው ስልክ ላይ ብቻ ከሚጫን ይልቅ በዚህች ሴት እጅ ቢሆን እመርጣለሁ። «የእገሌ ልጅ አራተኛው ገበያዋ ነው» የሚለውን ቃል እርስዋ ብትሰማው፥ እግር ያለው ጆሮ ሰማው ማለት ነው።

ፊደል ለማያውቅ ሰው ደግሞ ድምፅ አለ። ገበሬዎች በ8028 እየደወሉ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በቋንቋቸው ምክር የሚሰሙበት መሥመር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ስለ በቆሎ የሚናገር ስልክ ስለ ጉሮሮ ሕመም መናገር የሚያቅተው አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያቺ የ12 ዓመት ልጅ አድጋ 18 ሞላት እንበል። በገጠር ቤት ስልክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ አባት ገበያ ይዞት ይሄዳል፥ ወንድም ዘፈን ይሰማበታል፥ ጎረቤት ይዋሰዋል። ሰው በተሰበሰበበት ሰርግ ቤት ያ ስልክ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የልብ መርፌሽ ቀን ደርሷል» ቢል፥ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ቤት በማግስቱ ሐሳቡን ይለውጣል። መሣሪያው ሰዓት ያውቃል፥ ሰው አያውቅም፤ ማን ፊት እንደሚናገር አያይም። አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የሰው የጤና ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ እንደሚያሻው ደንግጓል፤ ሕጉ መልካም ነው፤ ግን ሕጉ የሚመለከተው መረጃ የሚይዙትን መሥሪያ ቤቶች ነው እንጂ በሰርግ ቤት የሚዞረውን ስልክ አይደለም።

እዚህ ላይ ነገሩ የምስጢር ጥበቃ ብቻ ቢሆን በቀለለ ነበር። ነገር ግን የልብዋ በር የጠበበባት ሴት ስታረግዝ፥ በሰውነትዋ የሚዞረው ደም እስከ እኩሌታው ድረስ ይጨምራል፤ ያ ጠባብ በር ያን ሁሉ ማሳለፍ ሲያቅተው ሳንባዋ ውኃ ይሞላል። ብዙ ሴት ልብዋ መታመሙን መጀመሪያ የምታውቀው በዚያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ልጅቱ ሕመሟን ሸሽጋ ብታገባ ነፍስዋ በአደጋ ላይ ነው፤ ገልጣ ብትናገር ትዳሯ ይቀራል። ወላጆች «ዝም በይ» ይሏታል፤ ይህንም የሚሉት ወድደዋት ነው። እኔ በዚህ ነገር ብዙ አስቤ የደረስሁበት ይህ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ እርስዋ ራስዋ ብቻዋን ተቀምጣ፥ አባትም እናትም ሳይኖሩ፥ ሕመሟ ምን እንደ ሆነ ሙሉውን ሊነገራት ይገባል፤ ለሚያገባትም ሰው የምትናገረው እርስዋ ናት፤ ጊዜውን የምትመርጠውም እርስዋ ናት። ያገባትም ሰው አውቆ ያግባት። ይህን የሚያህል ንግግር ለስልክ የሚተው አይደለም። ወላጆች በመንገዴ ላይ ቢቈጡኝ ግን አልፈርድባቸውም፤ የእኔ ልጅ አይደለችምና ለእኔ ይቀላል።

ስለ መሥመሩም ጥቂት ቃል እናገራለሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የኢንተርኔት መሥመር ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ስምዋ የሰላም መንገድ ማለት የሆነችው ፍኖተ ሰላምም ከዚህ አላመለጠችም። በእነዚያ ወራት በሩቅ ተቀምጦ «ተገናኝቶ» የሚሠራ ማስታወሻ ሁሉ ዲዳ ነበር፤ የሕሙማኑ ልብ ግን ይመታ ነበር፥ ቀኑም ይቈጠር ነበር። የመንገዱ መዘጋት ደግሞ መድኃኒቱንም ሰውንም ይይዛል። እንዲህ ባለው ዘመን በመዝገቡ ላይ «አልመጣችም» ተብሎ የተጻፈው ቃል ስለ ሕመምተኛዋ ምን ይናገራል? ስለ እርስዋ የሚናገረው የለም። አራት ገበያ የምትቈጥረው እናት ግን ያን ጊዜም ቀኑን አታጣውም፤ ገበያው ባይቆም እንኳ ቀኑ ቀኑ ነውና።

የሚቀሩበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዷ ጸበል ገብታ ሁለት ወር ትቀመጣለች፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤድስ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አስማምተው እንዲወስዱ በአደባባይ መምከራቸውን የሰማ ሁሉ፥ ይህ ምክር ለልብ ሕመምተኛዋም እንደሚሆን ያውቃል፤ የሚነግራት ሰው ግን እስከ ጸበሉ ድረስ መሄድ አለበት። ሌላዋ መርፌው ፈርታ፥ ሌላዋ በቅሎው ታሞ ትቀራለች። በመተግበሪያው ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ይጠቀለላል።

ስለዚህ መሣሪያውን ለሚሠሩትና ለሚያሠሩት ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። «አልመጣችም» ከሚለው መስመር በታች ሁለተኛ መስመር ጨምሩ፤ «ማን ሄዶ ጠየቃት? በየትኛው ቀን? ምን ይዞ?» የሚል። ይህ ሁለተኛው መስመር እስኪሞላ ድረስ የመጀመሪያው በሕመምተኛዋ ላይ አይቈጠር።

ይህን ሐሳቤን በልቤ ሳወጣና ሳወርድ ግን ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትዝ ትለኛለች። ክትባት የእርስዋ ነው፤ የእርጉዞች መዝገብ የእርስዋ ነው፤ ወባ፥ መጸዳጃ ቤት፥ የሕፃናት ክብደት፥ ስብሰባ፥ ዘገባ ሁሉ የእርስዋ ነው። በክረምት ጭቃ ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው ስትሄድ ታብሌቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ በደረትዋ ትይዘዋለች። ሁለተኛው መስመር ከተጨመረ የሚሞላው በእርስዋ እግር ነው። እንግዲህ ስንት ቤት ለአንዲት ሴት ይበቃል? ይህን መቍጠር ደግሞ የሹሞቹ ሥራ ነው፤ ለዚያም የሚሆን መተግበሪያ ቢኖር በደስታ አየዋለሁ።